ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማን ይሰማል?

እራት ተበልቶ፣ ሣህኑ ታጥቦ፣ ልጆች የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ቤተሰቡ በአንድነት ቁጭ የሚልባት ሰዓት በከተማ ቤት ውስጥ አጭር ናት። ቀኑን ሙሉ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማጀት ስትል የዋለች እናት ጋደም ብላ ከልጆቿ ጋር የምትስቀው በዚችው ሰዓት ነው። በቦንጋ ከተማ ግን ይህችን ሰዓት የሚሻማ አንድ ብርቱ እንግዳ አለ። እርሱም ዝናብ ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጅማን አልፈው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ የምትገኝ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የአካባቢው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የከፋን ቡና የማያውቅ ደግሞ የለም። ደኑንም ቡናውንም የሚያኖራቸው ዝናቡ ነው። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት በዚህ አገር ዝናብ የክረምት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በበልግም አለ፣ መስከረም ጠብቶም አይቆምም።

ዱሮ የከፋ ቤት በሣር የተከደነ ነበር። ዝናቡ በወፍራም ሣር ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም፤ ውስጥ ያለው ሰው መዝነቡን የሚያውቀው ወደ ደጅ ሲወጣ ነው። ዛሬ ከተማው የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የማያፈስ፣ የማይበሰብስ፣ እሳትም የማይፈራ መልካም ክዳን ነው፤ ማንም ወደ ሣር ተመለሱ አይልም። ነገር ግን ዝናብ ሲወርድበት ጠጠር የተዘረገፈበት ያህል ይጮኻል። ያን ጊዜ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ዜና አንባቢ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ አይሰማም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆኑን አንዲት የቦንጋ ነርስ ናቸው። ባለቤታቸው መምህር ሲሆኑ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ በቤቱ ሁሉም ሰው እማማ የሚላቸው አማታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። ነርሷ ለወራት የጣሉት ዕቁብ ደርሷቸው ነበርና በገንዘቡ ሆም ቴአትር የሚባለውን ባለ አምስት ድምፅ ማጉያ ሊገዙ ቆርጠዋል። ለምን ቢባሉ የሰጡት መልስ እኛ እንደጠበቅነው የጎረቤት ቤት ስላዩ አይደለም። «ዝናብ በጀመረ ቁጥር እማማ ኩርሲያቸውን ይዘው ወደ ማጀት ይሄዳሉ። ድራማው አይሰማኝም ይላሉ። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር የሚቀመጡበት ሰዓት እርሱ ብቻ ነበር፤ እርሱም እየቀረ ነው» አሉን።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ለልጆች የደንብ ልብስና ለቆርቆሮው እድሳት ታስቦ የነበረ ነው። እርስዎም በአዲስ አበባ ይሁን በጅማ፣ በጎንደር ይሁን በሐዋሳ ይህንኑ ሣጥን ለመግዛት አስበው ከሆነ፣ እባክዎ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ለመሆኑ አምስቱ ሣጥኖች ምን ይሠራሉ?

ሲኒማ ድምፅ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ተከፍቶ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሲሰይመው ሥዕሉ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ አይናገርም ነበር። ድምፁ ከመጣ በኋላም ለብዙ ጊዜ የሚወጣው ከመጋረጃው ወገን ብቻ ነበር። ኋላ ግን መሐንዲሶች ተመልካቹ በድምፅ እንዲከበብ አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዶልቢ የተባለው ድርጅት በሲኒማ ቤት ያስተዋወቀው ዘዴ ለአምስት ድምፅ ማጉያዎች አምስት የተለያዩ ድምፆችን፣ ለአንድ ወፍራም ድምፅ ማውጫ ደግሞ ሌላ ድምፅ ለይቶ ይልካል። «አምስት ነጥብ አንድ» የሚሉት ይህንን ነው። በሱቅ የሚያዩት ሆም ቴአትር የዚሁ የሲኒማ ቤት አሠራር ታናሽ ወንድም ነው።

ሁለቱ ሣጥኖች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ከተመልካቹ ኋላ ይሆናሉ። አንዱ ከቴሌቪዥኑ ሥር በመካከል ይሆናል፤ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ከመካከለኛው ነው። ስድስተኛውና ትልቁ ሣጥን ባስ ይባላል፤ ነጎድጓዱን፣ ከበሮውን፣ የመኪናውን ጉርምርምታ የሚያወጣ እርሱ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። አምስቱ ሣጥኖች አምስት ድምፅ የሚያወጡት አምስት ድምፅ ሲላክላቸው ነው። በዲሽ የሚመጡት የአገራችን ጣቢያዎች ዜናና ድራማ፣ በፍላሽ ተገልብጦ የሚዞረው የአማርኛ ፊልምና ዘፈን በአብዛኛው የተቀረጸው በሁለት ድምፅ፣ ማለትም በግራና በቀኝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የኋላዎቹ ሣጥኖች ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይም መሣሪያው የፊቱን ድምፅ ቀድቶ ይሰጣቸዋል። የውጭ ፊልም በብዛት የሚያይ ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የእርስዎ ቤት ግን ማታ ማታ የሚያየው ዜናና ድራማ ከሆነ ከስድስቱ ሣጥኖች ሦስቱን የሚገዙት ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

ክፍሉም መታሰብ አለበት። የነርሷ ሳሎን በእርምጃ ብንለካው አራት ሜትር በአራት ሜትር ያህል ነው። ሶፋው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ የኋላዎቹ ሣጥኖች የሚቆሙበት ኋላ የለም። በግድግዳው ላይ እንስቀላቸው ቢባል ገመዱ የረከቦቱንና የከሰሉን መንገድ ያቋርጣል። ሕፃን የሚሮጥበት፣ ጀበና የሚመላለስበት ቤት ውስጥ ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ ምን እንደሚያስከትል ለእናት አይነገርም።

የዋቱ ነገር

በሣጥኑ ወረቀት ላይ በትልቁ «5000 ዋት» ወይም «10000 ዋት» ተብሎ ያዩ ይሆናል። ከጎኑ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል ጽሕፈት አለ። ይህ ቁጥር የመሣሪያውን እውነተኛ ጉልበት አይናገርም። ሁሉም ፋብሪካ የሚስማማበት መለኪያ የለውምና እንደ ልብ ይጻፋል። ነገሩን በማጀት እናስላው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ምጣዱ ሲሰካ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ፣ ገመዱም ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ታዲያ በቀጭን የሬዲዮ ገመድ የሚሰካ መሣሪያ ከምጣዱ የሚበልጥ ጉልበት ከየት አምጥቶ ያለማቋረጥ ያወጣል?

እውነቱን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በመጽሐፉ ውስጥ አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን ቁጥር መፈለግ ነው፤ እርሱ መሣሪያው ሳይቃጠልና ድምፁ ሳይቆራረጥ ዘወትር ሊያወጣ የሚችለውን ያመለክታል። ሁለተኛውና አስተማማኙ ደግሞ መሣሪያውን አዙረው ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሕፈት ማንበብ ነው። እዚያ ላይ ከመስመር የሚወስደው ዋት ይጻፋል። ፊቱ ላይ 5000 የተጻፈበት መሣሪያ ከጀርባው 60 ዋት ይወስዳል የሚል ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ከ60 በላይ ዘወትር ሊያወጣ እንደማይችል ግን ይወቁ። ነጋዴው መሣሪያውን ማዞሩ ቅር ቢለው ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ሲወጡ የሚያተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን የሚለየው በጭንቅ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ የሚሰማው 10 ዴሲቤል ሲጨምር ሲሆን ለዚህም አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። አራት በአራት ለሆነ ሳሎን በየወገኑ ከ20 እስከ 30 ዋት እውነተኛ ጉልበት ካለ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ዝናቡን በጩኸት ማሸነፍ ይቻላልን?

ነርሷ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ከአንድ ዘመዳቸው ቤት ባለ አምስት ሣጥኑን መሣሪያ ለጥቂት ቀን ተዋሱና ሳሎናቸው ውስጥ ዘረጉት። ዝናቡ አላሳፈረንም፤ ማታውኑ መጣ። ልጆቹ ድምፁን ከፍ አደረጉት። የድራማው መግቢያ ሙዚቃ መስተዋቱን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ንግግሩ ሲጀመር እማማ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ሁለት ዝናብ ሆነ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሣጥኑ» አሉ። ኩርሲያቸውንም አነሡ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ እማማ ልክ ናቸው። ቃልን ቃል የሚያደርጉት «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ከ»፣ «ተ» የመሳሰሉት ቀጫጭንና ፈጣን ድምፆች ናቸው። «ፈሰሰ» እና «ከሰሰ» የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ነው፤ እርሷ ከጠፋች ሰውየው ውኃ ያፍስስ ወይም ፍርድ ቤት ይሂድ አይታወቅም። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚፈጥረው ሿታ የሚሸፍነው በተለይ እነዚህኑ ድምፆች ነው። ሰው በዕድሜ ሲገፋም ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኖቹን ነው። በዚህ ላይ ባሱን ሲጨምሩበት ወፍራሙ ድምፅ የቀረውን ቀጭን ይውጠዋል። ስለዚህ ድምፁ በርትቷል፤ ቃሉ ግን ጠፍቷል። ብዙ ሰው «ቴሌቪዥኑ አይሰማም» ሲል የጎደለው ጩኸት ሳይሆን ጥራት መሆኑን ልብ አይልም።

እግረ መንገዳችንን እንበልና፣ ለዚህ ችግር የአሁኑ ስስ ቴሌቪዥንም ድርሻ አለው። የቀድሞው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ድምፅ ማውጫው ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊቱ ነበር። የዛሬው ግን ስስ ስለሆነ ድምፅ ማውጫዎቹ ጥቃቅን ሆነው ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ዞረዋል። ዜና አንባቢዋ የምትናገረው ለግድግዳው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ተመልካቹ ፊቱን ያዞረ ማናቸውም ደህና ድምፅ ማጉያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

መፍትሔውን ያመለከቱን ሳያስቡት እማማ ራሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ማጀት ስንገባ ትንሿን ባለ ባትሪ ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በከፊኛ የሚተላለፍ ዝግጅት ያዳምጣሉ። ዝናቡ እንደዚያው ይወርዳል። ማጀቱም ቆርቆሮ ነው። ሬዲዮኗ ከአንድ ዋት በታች ብትሆን ነው። ሆኖም «ሁሉም ይሰማኛል» አሉን። ምክንያቱ ቅርበት ነው። በግልጽ ቦታ ድምፅ ከሚወጣበት ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ይህም ጉልበቱን አራት እጥፍ እንደማድረግ ነው። በክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ጭማሪው ያነሰ ቢሆንም ቀጥታ የሚመጣው ቃል ይጠራል። አራት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ወደ ሁለት ሜትር ቢጠጋ ዋጋው ሶፋውን የመግፋት ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ከጣሪያው ነው። ነርሷ ከሳሎኑ በላይ የነበራቸው የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበር፤ እርሱም በአንድ ወገን ተቀዷል። አቡጀዲ አቧራ ይይዛል እንጂ ለዝናብ ድምፅ እምብዛም አይጠቅምም። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና ያልተከፈተ ቀዳዳ ነው። በደንብ የተገጠመ የቺፕውድ ወይም ወፍራም የጣውላ ኮርኒስ፣ ጥጉ ሁሉ ተደፍኖ፣ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ሲቀር ሿታውን በግልጽ ይቀንሰዋል። አንዳንድ ሰዎች በኮርኒሱ ላይ ገለባና የእንጨት ብናኝ ይበትናሉ፤ ድምፁን መቀነሱ እውነት ቢሆንም የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ጣሪያ ላይ ደረቅ ገለባ ማስቀመጥ ቤትን ለእሳት ማሰናዳት ነውና ይህን አንመክርም።

ወለሉም ይታይ። ባዶ ሲሚንቶና ባዶ ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራሉ። በሳሎንዎ መካከል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተንጫጭቶ ቢመለስ ቃልም እንደዚያው ይበታተናል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ያረጋጉታል። ይህ ሁሉ የድምፅ መሣሪያ ወጪ ውስጥ ይቆጠራል ቢባል ነጋዴዎቹ አይወዱትም።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ለነርሷ የመከርናቸው ሁለት ደህና ድምፅ ማጉያዎች እንዲገዙ ነው። ቁመታቸው እንደ ወፍራም መጽሐፍ የሆኑ፣ ማጉያው በውስጣቸው ያለ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ በጆሮ ከፍታ የሚቀመጡ ናቸው። ቦታ ለጠበበው ሳውንድ ባር የሚባለው ረዥም ዘንግ መሰል ሣጥንም ያገለግላል፤ በአንዳንዱ ላይ ንግግርን ብቻ የሚያጎላ ምርጫ አለውና ሲገዙ ይህን ይጠይቁ። ሁለቱ ሣጥኖች ግን አንዱ ቢበላሽ በማናቸውም የሬዲዮ ጥገና ቤት ስለሚከፈቱ፣ ከመሐል አገር ራቅ ላለ ከተማ እኛ እነርሱን እንመርጣለን። ስድስቱም በአንድ ላይ የተሸጡ ሣጥኖች ሲሆኑ ዋናው ማጉያ ከተቃጠለ ስድስቱም አብረው ይተኛሉ።

ሱቅ ሲሄዱ የሚያውቁትን ድምፅ ይዘው ይሂዱ። ነጋዴው የሚያሰማዎ ባስ የበዛበትን ዘፈን ነው፤ እርሱ ማናቸውንም ሣጥን ጀግና ያስመስላል። እርስዎ ግን በፍላሽ ዜና ወይም ድራማ ይዘው ይግቡና የሴትም የወንድም ንግግር ያሰሙኝ ይበሉ። ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ዝቅ ብሎ ቃሉ የሚለይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ባሱን እስከ መጨረሻው ቀንሰው ደግመው ይስሙት። በተቻለ መጠንም በቤትዎ ጆሮው የደከመውን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የሚገዛው ለእርሱ ነውና።

መግጠሚያውንም አስቀድመው ይዩ። ቴሌቪዥንዎ ኤችዲኤምአይ ኤ.አር.ሲ. የሚል ጽሕፈት ያለበት ቀዳዳ ካለው በአንድ ገመድ ይያያዛል። ከሌለው ቀይና ነጩ ገመድ ይበቃል። በብሉቱዝ ማያያዝ ገመድ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ግን ድምፁ ከከንፈሩ ይዘገያል። ለብቻው ማጉያ ያለው ከሆነ ከጀርባው የተጻፈው የኦም ቁጥር ከሣጥኖቹ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ያገናኙ፤ በአንዱ ወገን ከተገለበጠ ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። ይህን ስሕተት ከገጠመኞች ሁሉ አብልጠን አይተናል።

የከፋ እርጥበት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በዚያ ጫማ ሁለት ሳምንት ካልተደረገ ሻጋታ ያወጣል። የድምፅ ማጉያ ሆድ ውስጥ ያለው ክብ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ ዙሪያውን የያዘው ደግሞ ስፖንጅ ወይም ጎማ። ስፖንጁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየፈረፈረ ይረግፋል፤ ስለዚህ ጨርቁን ገልጠው ጣትዎን በቀስታ ያስነኩትና ጎማ የሆነውን ይምረጡ። ሣጥኑ ቺፕውድ ከሆነ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሥተው በጠረጴዛ ያስቀምጡት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያርቁት። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማም ከሥሩ ባይደርስ ይመረጣል።

መብረቅና የመብራት መሄድ መምጣትም አለ። ሰማዩ ሲያጉረመርም የኤሌክትሪኩን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ፤ ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ዲሹን ይረሳል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይንቀሉና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ስታብላይዘር መግዛት ካልቻሉ ይህችው ልማድ ብዙ መሣሪያ ታድናለች። ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ መሰካት ግን ከቶ አይገባም።

የልጆች ጆሮ

የዓለም የጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው የመሣሪያ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው። ለአዋቂ 80 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። መለኪያ ከሌለዎ ይህን ያድርጉ፤ ከልጅዎ አንድ ክንድ ርቀው በተለመደው ድምፅዎ ይናገሩት። ካልሰማዎ ወይም ለመጮኽ ከተገደዱ መሣሪያው በዝቷል። ልጅን ከሣጥኑ አጠገብ አያስቀምጡ፤ እማማን የጠቀመው ቅርበት ልጁን ይጎዳዋል።

በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ አንባቢያን ስለ ባሱም ያስቡ። ቀጭኑ ድምፅ በግድግዳው ይቀራል፤ ወፍራሙ ግን ያልፋል። የጎረቤት አራስ የምትሰማው የእርስዎን ድራማ ሳይሆን ድም ድም የሚለውን ነው።

እማማንም ጆሯቸውን እንዲታዩ ነርሷ ይዘዋቸው ሄዱ። የሙያው ሰው ሆነው ሳለ ይህን አስቀድመው ባለማድረጋቸው አፍረው ነበር፤ ዕድሜ ነው ብለው ተቀብለውት ኖሯል። በአንደኛው ጆሯቸው የተጋገረ ኩክ ተገኘና ታጠበ። የቀረው የዕድሜ ነው፤ እርሱም ቢሆን በመጠኑ ነው። በቤትዎ ድምፅ ጨምሩ የሚል አዛውንት ካለ ከሱቁ በፊት ጤና ጣቢያው ይቀድማል።

ከዕቁቡ ገንዘብ ሁለቱ ሣጥኖች ከተገዙ በኋላ የተረፈው የሳሎኑን ኮርኒስ በቺፕውድ ለማስለበጥ ዋለ። የደንብ ልብሱም አልቀረም። ሶፋው ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀርቧል፤ የእማማ ኩርሲ ደግሞ ከቀኙ ሣጥን ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቦታ ተሰጥቶታል። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድን ዕለት ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ይወርድ ነበር። ድራማው ተጀምሮ ትልቁ ልጅ እንደ ልማዱ ድምፁን ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ እማማ ቀድመውት «ቀንሰው እንጂ፤ ምን ያስጮኸዋል?» አሉት።